ማታ ማታ የምትመጣው

«ዓይናማ» የሚለውን ስም ያወጣችላት ሳቂታ ነበረች። ተማሪዎች ሳሉ አንድ ዴስክ ይጋሩ ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ጓደኛዋ ፊቷን አጨማዳ ስታጮልቅ ያየች ዕለት፣ «ይቺ ልጅ ዓይናማ ናት፤ የጎደላት ዓይን ብቻ ነው» ብላ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰችው። ስሙ እንደ መዥገር ተጣብቆ ቀረ። ዓይናማ በኋላ መነጽር አደረገች፣ የላብራቶሪ ሙያ ተማረች፣ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ የምትውል ሴት ሆነች። ሳቂታ ደግሞ የዓይናማን ታናሽ ወንድም አገባችና ጓደኝነቱ ዝምድና ሆነ።

ሳቂታ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ «ራሴን አመመኝ» ብላ ጋደም አለች፤ አልተነሳችም። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ ሐኪሞቹ። ባሏንና የሰባት ዓመት ሴት ልጇን እንደ ዋዛ ጥላ ሄደች።

ባሏ ሶፋ ሠሪ ነው። ቤቱ ፊት ለፊቱ መሥሪያ፣ ጓሮው መኖሪያ ነው። ዓይናማ ወንድሟን ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር በመሥሪያው በኩል ማለፍ እየከበዳት መጣ። ጨርቃቸው የተገፈፈ ሶፋዎች የእንጨት አጥንታቸውን አግጠው፣ የሽቦ አንጀታቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ሥራው አላልቅ ብሎ ተከምሯል። አንዱ አሮጌ ስፖንጅ ላይ የሰው መቀመጫ ያጎደጎደው ቦታ ነበር፤ ዓይናማ ባየችው ቁጥር አሁን ገና ሰው የተነሳበት እየመሰላት ፊቷን ታዞራለች።

እሑድ ከሰዓት ነበር። ሶፋ ሠሪው እህቱን ከበር ተቀብሎ እጇን ያዛት፤ ወደ ውስጥ አላስገባትም። ጺሙ አድጓል፣ ከስቷል። ዓይኑ ላይ ግን ከቀብሩ ወዲህ አይታው የማታውቀው ብርሃን ነበረ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። አበደ እንዳትዪኝ።»

«ካበድክማ ቆየህ፤ ንገረኝ» አለችው፣ ልታስቀው ብላ።

አልሳቀም። «እየመጣች ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማን?»

«ማን ትሆናለች! የልጄ እናት ነቻ።»

ከዚያ አንድ በአንድ አጫወታት። ልጁ ድንቡሼ ተኝታ ጥቂት እንደቆየች ትጮሃለች። ትወራጫለች፣ አንሶላውን ትራገጣለች፣ «የሆነ ነገር ነካኝ» እያለች ታለቅሳለች። በመጀመሪያ ቅዠት ነው ብሎ ትቶት ነበር። ነገሩ ግን በየማታው፣ ሁልጊዜም እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ፣ ቀጠሮ እንደያዘ ሰው ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ ሆነ። «አንድ ማታ፣ 'ማናት የነካችሽ? እማዬ ናት?' ብዬ ጠየቅኳት። 'አዎ' አለችኝ፣ እትዬ። በራሷ አፍ። ከዚያ ወዲህ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁሉን ነገር እነግራታለሁ፤ ለእናቷ ማለቴ ነው። የዋልኩትን፣ የተበሳጨሁትን። ልጅቷም ትረጋጋለች። እኔንም ያን ጊዜ እንቅልፍ ይወስደኛል። ጎረቤታችን አሮጊቷም ነግረውኛል፤ ልጇን ሳትጠግብ የሄደች እናት እግሯ ቶሎ አይቆረጥም ብለው።»

ዓይናማ «ተው እንጂ» ልትለው አፏን ከፍታ ዘጋችው። ሳቂታ በተቀበረች ሰሞን እሷም ሥራ ቦታ ስላይድ ላይ እንዳቀረቀረች ከኋላዋ ያንን ሳቅ ሰምታ ዞራለች፤ ለማንም አልተናገረችም። ደግማ ትሰማው እንደሆነ ብላ ስንት ጊዜ ጆሮዋን አቁማለች።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ድንቡሼ ከጓዳ ወጣች። ስሙ የወጣላት ስትወለድ ጉንጯ እንደ ዳቦ ስለነበረ ነው። አሁን ከዚያ ጉንጭ የተረፈው ቆዳው ብቻ ነበር። ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። አክስቷን ሳመችና ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ግን አርፋ አልተቀመጠችም፤ ትቁነጠነጣለች፣ ትነሳለች፣ መልሳ ትቀመጣለች። ትንሽ ቆይታ ሽንት ቤት ገባች። ከውስጥ የለቅሶ ድምፅ ተሰማ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት ዓይናማ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ።

«ሲወጣ ያቃጥለኛል፣ አክስቴ።»

«አልጋ ላይም ትለቃለች» አለ አባቷ ከኋላ። «ከድንጋጤው ነው።»

«ይሁን። ነገ ጠዋት ሽንቷን ይዘህልኝ ና።» የናሙና ዕቃ ከቦርሳዋ አይጠፋም፤ አንዱን አውጥታ ሰጠችው።

ክሊኒኩ ምድር ቤት ነው። የላብራቶሪው መስኮት ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለሆነ፣ ቀኑን ሙሉ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ዓይናማ የድንቡሼን ሽንት ወደ መስተዋት ቱቦ ገለበጠች፣ ማሽከርከሪያው ውስጥ ከታ ክዳኑን ዘጋች። ማሽኑ ጮሆ ጮሆ ጸጥ ሲል ላይ ላዩን ውኃ ደፍታ፣ ከታች ከተቋጠረው ዝቃጭ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አኖረች። ነጭ የደም ሴሎች አሉ፤ መቆጣት ነው፣ የሚጠበቅ ነው። ስላይዱን በዝግታ እየገፋች ሄደች። አንድ የጨርቅ ጭረት። የአየር አረፋ። ከዚያ እጇ ቆመ።

የሆነ ነገር ተጋድሟል። በአንድ ጎኑ ጠፍጠፍ፣ በሌላው ጎኑ ጎበጥ ያለ፣ ቅርፊቱ እንደ ብርጭቆ የጠራ። ከውስጡ ተጣጥፎ የተኛ ነገር ይታያል። ሰፋ አድርጋ አየችው። እያየችው፣ የተኛው ነገር ተገላበጠ።

ያየችው ነገር ለዓመታት በትምህርትም በሥራም የምታውቀው ነው። ቢሆንም ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

አለቃዋ ጡረታው የደረሰ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። «ጋሼ፣ እስኪ እዩልኝ» አለችው። «ሽንት ውስጥ የአንጀት ትል እንቁላል ነው ያገኘሁት።»

«መንገድ ጠፍቶት ይሆናላ» አለና እየሳቀ ተቀመጠ። ዓይኑን ሲያስጠጋ ሳቁ ቀረ። «እሾህ የለውም፤ ስለዚህ ቢልሃርዚያን እርሺው።»

«ወስፋትም አይደለም» አለች እሷ። «የወስፋት ቢሆን ቡናማና ጎርበጥባጣ ይሆን ነበር። የመንጠቆ ትል እንዳልል ደግሞ የእሱ ቅርፊት ስስ ነው፤ ውስጡም ገና ሽል አይሆንም።»

«አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሽሉ የደረሰ። ኢንተሮቢየስ ናት። ክር የምታህለው ነጭ ትል።» ቀና ብሎ አያት። «ከፊኛ የመጣ አይደለም፤ ከገላዋ ላይ ታጥቦ የወረደ ነው። ሴት ልጅ ናት?»

«ሴት ናት። የወንድሜ ልጅ።»

«እንግዲያው ነገሩ ግልጽ ነው። እናቲቱ ትል አንጀት ውስጥ አትወልድም። ልጁ እንቅልፍ እስኪወስደው፣ ገላው እስኪሞቅ ትጠብቅና ማታ ማታ ወደ ውጭ ትወጣለች። መቀመጫው ዙሪያ እየተንቀሳቀሰች እንቁላሏን ታራግፋለች። ሴት ልጅ ስትሆን አንዳንዴ መንገድ ስታ ወደ ፊት ትሄድና የሽንቱን መውጫ ታስቆጣዋለች። ልጅቷ እንቅልፍ አላት?»

ዓይናማ ቃሉን በልቧ ደገመችው። እናቲቱ ልጅቷን እንቅልፍ እስኪወስዳት ትጠብቅና ማታ ማታ ትመጣለች። የሽማግሌው ቃልና የወንድሟ ቃል ጆሮዋ ውስጥ አንድ ላይ ገጠመ።

«አንድ እንቁላል አይተን አንፈርድም» አለ አለቃዋ፤ ፊቷን አይቶ ድምፁን አለዘበ። «ምስክር እንጨምር። ጠዋት ሳትታጠብ መቀመጫዋ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የስኮች ማጣበቂያ ለጠፍ አድርጊና ስላይድ ላይ አምጪልኝ። ከደፈርሽ ደግሞ ስትጮህ በባትሪ እዪያት። ራሷን ታገኛታለሽ።»

ያን ዕለት ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ወንድሟ ቤት ሄደች። ሶፋ ሠሪው ነገሩን ቆሞ ሰማት። እያወራች ሳለ ያ የዓይኑ ብርሃን እንደ ሻማ ተንቀጠቀጠ።

«ትል» አለ።

«ትል ነው፣ ወንድሜ። የማንኛውም ልጅ በሽታ ነው። ክኒን አለው።»

«ልታባርሪያት ነዋ የመጣሽው።»

«ማንን?»

«እትዬ፣ አንቺ ያላየሽውን ነገር…» ወደ ልጅቷ ክፍል ጠቆመ። «እኔ ክፍሉ ውስጥ ስትኖር አውቃታለሁ። ሚስቴ ናት። ትንፋሿን አውቀዋለሁ።»

«ዛሬ እኔ ልጠብቃት» አለችው። «አንተ ተኛ። ሳቂታ ከሆነች እኔም ናፍቃኛለች።»

እንዲህ ያለችው ልትሸነግለው ነበር። ከአፏ ሲወጣ ግን ሽንገላ እንዳልሆነ አወቀች።

ድንቡሼ የእናቷን የሌሊት ልብስ አቅፋ ነው የምትተኛው። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ አንገቱ ላይ የረገፈ ጥልፍ ያለው ልብስ ነው። ሳቂታ ለመጨረሻ ጊዜ አውልቃው ከበር ጀርባ የሰቀለችው ዕለት እንደነበረ አለ፤ ሶፋ ሠሪው ውኃ አስነክቶት አያውቅም። ልጅቷ ቶሎ እንቅልፍ ወሰዳት። ዓይናማ መብራቱን አጥፍታ፣ የእጅ ባትሪና ስኮች ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ወንድሟ ከፊተኛው ክፍል አልወጣም፤ እዚያ ካሉት የሶፋ አጽሞች አንዱ ላይ ተቀምጦ እንደሆነ ሽቦው ሲጥ ሲጥ ሲል ይሰማታል።

ቁጭ ብላ በቆየች ቁጥር ክፍሉ የሳቂታ ሆነ። ሽታው ይመጣል። ከዚያች ልብስ የሚነሳ፣ የጸጉር ቅባትና የሰው ገላ የተቀላቀለበት ሽታ፤ ድሮ አንድ ዴስክ ላይ ክንድ ለክንድ ተነካክተው ሲቀመጡ ታውቀው የነበረ። አልጋው ማዶ፣ ግድግዳው ጥግ፣ ጨለማው ከሌላው ጨለማ ጠቆር ያለ መሰላት። እንደዚያ ያለውን ነገር ልትቆጣጠረው የምትችል ሴት ነበረች፤ ሆኖም አንገቷን ወደዚያ አዘነበለች።

«መጣሽ?» አለች በሹክሹክታ። «እኔ ነኝ እኮ። ዓይናማ።»

ምንም አልተሰማም። ከዚያ ልጅቷ አቃሰተች። እግሯን አንፈራገጠች። «ነካኝ!» ብላ ስትጮህ ዓይናማ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ብርድ ልብሱን ያዘች፤ ግን አልገለጠችውም። እጇ እንቢ አላት። ከገለጠችው ያለቀለት ነገር መሆኑን ታውቃለች። ልጅቷ ደግማ ስትጮህ ነው የገለጠችው።

ባትሪዋን አበራች። «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ አክስትሽ ናት፣ ቆይ አንዴ ልይሽ» እያለች ልብሷን ዝቅ አደረገችላት። በብርሃኑ ውስጥ አንዲት ነጭ ነገር ታየች። ከመስፊያ ክር የተበጠሰች የምታህል፣ ጫፏ እንደ መርፌ የሾለ። ትንቀሳቀሳለች። ብርሃኑ ሲያርፍባት ልትሸሸግ ፈለገች። ዓይናማ ስኮቹን ለጠፍ አድርጋ አነሳቻት፤ ስላይዱ ላይ ለጠፈቻት፤ ልጅቷን በሞቀ ውኃ አጠበች፣ ልብስ ቀየረችላት፣ አስተኛቻት። ሁሉንም በሙያዋ ልክ አደረገች። ሲያበቃ መሬቱ ላይ ተቀምጣ አፏን በመዳፏ ይዛ አለቀሰች።

ወንድሟ በሩ ላይ ቆሟል። «ማናት?» አለ።

«ትል ናት፣ ወንድሜ።»

ከዚያ ፊቱን አዙሮ ሄደ፤ እሷም እስኪነጋ ድረስ ሽቦው ሲጥ ሲጥ ሲል ሰማች።

የክሊኒኩ ሐኪም ስላይዱን አይታ፣ ልጅቷንም መርምራ መድኃኒት አዘዘች። ለልጅቷም፣ ለአባትየውም፣ አብራ ላደረችው ለዓይናማም። ክኒኑ የሚገድለው ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስላልሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ መደገም አለበት አለች። ጥፍር ይቆረጥ፣ አንሶላውና የአልጋ ልብሱ በሙቅ ውኃ ይታጠብ፣ ክፍሉ ፀሐይ ይግባበት። እንቁላሉ ዓይን አያየውም፣ ጨርቅ ላይ ግን ሳምንታት ይቆያል።

ቅዳሜ ዕለት ዓይናማ መጥታ ስታጥብ ዋለች። አንሶላ፣ ትራስ፣ ፒጃማ፣ መጋረጃው እንኳ አልቀራትም። ወደ ሰማያዊው ልብስ ስትደርስ ወንድሟ ቀድሟት አነሳው።

«ይቺን ግን ተዪልኝ።»

ማጠብ እንዳለበት ታውቃለች። ለማንኛውም በሽተኛ ቤተሰብ ቢሆን ቁርጥ አድርጋ ትናገር ነበር። ወንድሟ ግን ልብሱን ደረቱ ላይ አስጠግቶ በቀስታ ሲያጥፈው፣ ያቺ ሽታ እሷም አፍንጫ ድረስ መጣች። ዞር ብላ የታጠበውን ማስጣት ቀጠለች። አላየሁም አለች፤ ለራሷም ጭምር።

ድንቡሼ መተኛት ጀመረች። እንደ ድንጋይ ተኝታ የምታድር ሆነች። ጉንጯ ተመለሰ፣ ሲወጣ ያቃጥላት የነበረው ተዋት፣ አስተማሪዋም ክፍል ውስጥ ማንቀላፋቷን አቆመች ብላ ነገረቻቸው። ዓይናማ ስልክ ስትደውል ግን ወንድሟ ድምፁ እየራቀ ሄደ። «ደህና ናት» ይላል። «ቤቱ ጭጭ ብሏል» ይላል። ስለ ሌላ ነገር ቢያወሩት አይሰማም። ደንበኞቹ ሶፋችንን መልስ እያሉ መጨቃጨቅ ጀምረዋል።

እንዲህ ሆኖ ከረመ። ከዕለታት አንድ ቀን ዓይናማ ሥራ ላይ ሳለች ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው። ድምፁ የሠርግ ቤት ይመስል ነበር።

«እትዬ፣ ተመለሰች!»

የያዘችውን ስላይድ አስቀምጣ በቀጥታ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች።

ስትደርስ ድንቡሼ ትምህርት ቤት ናት። ወንድሟ በሩን ፈገግ ብሎ ከፈተላት። ዓይናማ ሰላምታ አልሰጠችውም። «ሁለተኛውን ክኒን ሰጥተሃታል?» አለችው።

ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ወንድሜ፣ ጠየቅኩህ እኮ። ሰጥተሃታል ወይ?»

«ረሳሁት» አለ፤ ግን ዓይኑ መሬት ነበር። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ውሸቱን ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች።

የልጅቷ ክፍል ገብታ ትራሱን አነሳች። ሰማያዊው ልብስ እዚያ ተጣጥፎ ተቀምጧል። አላነሳችውም። ቁልቁል እያየችው ቆማ፣ «ይህ የኔም ሥራ ነው» አለች ለራሷ። ከዚያ ከቦርሳዋ ስኮች አውጥታ፣ እየቆረጠች የልብሱን እጅጌና ደረት ላይ ለጠፈች፣ እያነሳች ስላይድ ላይ አደረገች።

«ልበስ» አለችው ወንድሟን። «አብረን እንሄዳለን።»

«የት?»

«ማን እንደምትመጣ ላሳይህ።»

ላብራቶሪው ውስጥ አለቃዋ ሁለቱንም አየና ምንም ሳይጠይቅ ወንበሩን ለቀቀ። ዓይናማ ስላይዶቹን አንድ በአንድ ፈተሸች። አንደኛው ላይ የልብስ ጭረት ብቻ ነበር። ሌላው ላይም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ወንበሯን ለወንድሟ ለቀቀችለት።

ሶፋ ሠሪው ማይክሮስኮፕ ነክቶ አያውቅም። መጀመሪያ የራሱን ሽፋሽፍት ብቻ አየ። ትከሻውን ይዛ አስተካከለችው። ሰውነቱ ሲረጋ ታወቃት።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት። እንቁላሏ።»

«ውስጧ ያለው… ይንቀሳቀሳል።»

«በሕይወት አለ።»

«ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ከልብሷ ላይ ነው፣ ወንድሜ። ልጅህ በየማታው ስታቅፈው እጇ ላይ፣ ከእጇ ወደ አፏ ይገባል።»

ብዙ ጊዜ ቀና አላለም። በመስኮቱ ሰው ያልፋል፤ ጫማ፣ ጫማ፣ ሌላ ጫማ። በመጨረሻ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሲያነሳ ዙሪያው ላይ የመስተዋቱ ክብ ምልክት ታትሟል።

«እኔ ልጄን ለምን ስገብር ነው የከረምኩት?» አለ።

አለቃዋ ውኃ ቀድቶ ሰጠው። «ጠጣ ልጄ» አለው። «ከሞተ ጋር የሞተ የለም። ግን ሞክሮ ያላየም የለም።»

ልብሱን ያጠበው ራሱ ነው። ዓይናማ «ስጠኝ እኔ ላጥብልህ» ብትለው እንቢ አለ። ውኃውን አፈላ፣ ጓሮው ውስጥ ሳፋውን አስቀመጠ፣ ልብሱን ነከረ። ሰማያዊው ቀለም ፈዞ ውኃው ላይ ተንሳፈፈ። ውኃው እጁን እያቃጠለው አሸው፣ ጨመቀው፣ ደግሞ አሸው። አንድ ጊዜ እርጥቡን ወደ ፊቱ አስጠጋና አሸተተው። ሳሙና ብቻ ነው። ፊቱ ላይ የሆነውን ዓይናማ ማየት አልቻለችም፤ ወደ ቤቱ ግድግዳ ዞረች።

ድንቡሼ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳነገተች የጓሮው በር ላይ ቆማ ኖሯል።

«አባዬ፣ እማዬ አልነበረችም እኮ» አለች።

«አውቃለሁ ልጄ። አክስትሽ አሳየችኝ።»

«አይ፣ እኔም አውቅ ነበር።»

እጁ ሳፋው ውስጥ ቀረ። «ታዲያ ለምን አዎ አልሽኝ፣ የኔ እናት?»

ልጅቷ አክስቷን አየት አደረገች፤ ትቆጣኝ ይሆን ብላ። ከዚያ በጫማዋ ጫፍ መሬቱን እየጫረች፣ «አዎ ስልህ አጠገቤ ትቀመጣለህ» አለች። «ታወራለህ። አይደለችም ካልኩህ መብራቱን አጥፍተህ ትሄዳለህ። ከሞተች ወዲህ ከኔ ጋር የምታወራው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። እሱም ለሷ ነው፤ ግን እኔም እሰማ ነበር።»

ሶፋ ሠሪው በአረፋ በነጣ እጁ ልጁን ወደ ራሱ ሳባት። የደንብ ልብሷ ረጠበ። «ወይኔ ልጄን! ወይኔ ልጄን!» ይላል፤ ሌላ ቃል አልመጣለትም። ዓይናማ ትታቸው ገባች።

ክኒኑን ያን ማታ ሦስቱም ወሰዱ። በሁለተኛው ጊዜ ሶፋ ሠሪው ራሱ ነው ቀኑን ጠብቆ የደወለላት። ዓይናማ ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት የተወሰደውን ስኮች ደጋግማ አየችው፤ ንጹሕ ነው። ሽንቷም ንጹሕ ነው። ትሏ ጠፋች።

ነገሩ በዚህ አበቃ ማለት ግን አይቻልም። ዓይናማ ለራሷ እንቅልፍ አጣች። ሙያዋ የሚያስገድዳትን ነገር አድርጋ፣ ልጅ አድና፣ ጓደኛዋን በገዛ እጇ ሁለተኛ የቀበረች ያህል ተሰማት። ሥራ ላይ ከኋላዋ ያንን ሳቅ መጠበቋን ተወች፤ መጠበቅ መተዉ ራሱ ከለቅሶው ባሰባት። ከቤቷ ብቻዋን ከመዋል ብላ ከሥራ ስትወጣ ወደ ወንድሟ ቤት ማዘውተር ጀመረች። ሾርባ ይሠራሉ፣ የድንቡሼን የቤት ሥራ ያያሉ። ሶፋዎቹም ቀስ እያሉ ሥጋ አወጡ። አንዱ ቀይ ለበሰ፣ ሌላው ግራጫ፤ ያ የጎደጎደው ስፖንጅ ወጥቶ ተጣለና በአዲስ ተተካ።

ሶፋ ሠሪው ልጁ አልጋ አጠገብ መቀመጡን አልተወም። አሁን የሚያወራው ለልጁ ነው። የዋለውን ይነግራታል፣ እሷም የዋለችውን ትነግረዋለች፤ የደንበኞቹን ጭቅጭቅ በድምፃቸው እያስመሰለ ያስቃታል። እንቅልፍ ሲወስዳት ግን ወዲያው አይነሳም። ያቺ የድሮዋ ሰዓት እስክታልፍ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል። የሚሰማው የልጅ እንቅልፍ ብቻ ነው።

አንድ ምሽት ዓይናማ ልትሄድ ስትነሳ እዚያው በሩ ላይ አገኘችው።

«እትዬ» አለ፣ ወደ እሷ ሳይዞር። «ያኔ ባትሪውን ይዘሽ ቁጭ ያልሽ ዕለት። ብርድ ልብሱን ከመግለጥሽ በፊት ትንሽ ቆየሽ። ከወዲያ ሆኜ እሰማ ነበር። ልጅቷ እየጮኸች ለምን ቆየሽ?»

ዓይናማ መነጽሯን አወለቀች። ያለ መነጽሩ ወንድሟም፣ በሩም፣ ጨለማውም አንድ ላይ ተደባለቁባት።

«ትል እንደምታገኚ ታውቂ ነበር» አላት። «እንቁላሉን አይተሻል። ማንን ነበር የጠበቅሽው?»

«እሷን» አለች። «እሷን ነበር፣ ወንድሜ።»

ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች፤ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ በጭላንጭሉ አልለየችውም። ምናልባት ሁለቱንም ነበር፤ ምክንያቱም እሷም እንዲሁ ነበር የሆነችው። እጇን ዘርግታ ጀርባው ላይ አሳረፈች። የያዙት ሳቅ አምልጦ ከሁለቱም አፍ ወጣ።

«አክስቴ!» አለች ድንቡሼ ከውስጥ፣ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ። «እስኪ ሂዱና እዚያ ሳቁ፤ ሰው ይተኛበት!»